ከፍ አድርጎ የሚያነብ ማሽን

ሐኪሟ ጠዋት ከፎቅ ወደ ክሊኒኳ ልትወርድ ስትል እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ በስልክ ሲያንሾካሹኩ ሰማች። እናቷ ማንሾካሾክ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር አንድ ነገር እየዶለቱ መሆናቸውን ለቤቱ ሁሉ ያሳብቃሉ። «ዝም ብለህ ማሽኑን ይዘህ ና» ይላሉ። «እሷን ለእኔ ተዋት። እህትህ አይደለች? ከባዳ ገዝታ አንተን ልታልፍህ ነው?» ትንሽ አዳመጡና፣ «እሱን ደግሞ ዛሬ ምን አስነሳህ፤ ያመጣኸውን ትገዛለች አልኩህ፣ በቃ» ብለው ዘጉ። ሐኪሟ ቦርሳዋን በክንዷ እንዳንጠለጠለች ደረጃው አናት ላይ ቆማ ቀረች። ቆሽቷ አረረ። የምትገዛው ምንጣፍ ወይም ቁም ሳጥን ቢሆን ኖሮ ለእናቷ ደስታ ስትል ዓይኗን ጨፍና ትገዛው ነበር። ይሄ ግን የሰው ደም የሚመረምር መሣሪያ ነው፤ እሱ የሚላትን ይዛ ለአንዱ መድኃኒት ልታዝ፣ ለሌላው ልትከለክል ነው። ይኸው አሁን እሷ ሳትኖር፣ በድስትና በክዳን ድምፅ መሃል፣ ተሸጦ አለቀ።

ገብታ፣ «እንዴት አደርሽ እማዬ» አለች።

እናትየው ስልኩን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ሸጎጡት። «ደህና። ሻይ ልቅዳልሽ?»

«ይቅርብኝ፤ ሰው ይጠብቀኛል።»

ስለ ማሽን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። በዚያ ቤት ሰው የሚጣላው እንደዚህ ነው፤ ሻይ እየቀረበለት፣ ሻይ እየተወ። ሐኪሟ ከባሏ ተለያይታ ወደ እናቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ፎቁ ላይ ሁለቱ ይኖራሉ፤ ምድር ቤቱ ክሊኒክ ነው። ወንድሟ አርባ ዓመት ካለፈው ቆይቷል፤ ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው። ድሮ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ላይ ጥሎ ወጣ። ለምን እንደወጣ ተጠይቆ አያውቅም፤ ትምህርቱ ከብዶት ነው ብለው ሁሉም በየልባቸው ደመደሙና ነገሩን ለማስታመም ሲሉ ተዉት። አንዱን ሥራ ሲይዝ ሌላውን ሲለቅ ኖሮ በመጨረሻ የላቦራቶሪ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሻጭ ሆነ። ከሐኪም ሐኪም፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ ሲዞር ይውላል፤ እህቱ ጋ ግን ለሥራ ብሎ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። እሑድ እሑድ ምሳ ላይ ሲገናኙ ስለ መንገዱ መጨናነቅና ስለ እናታቸው ጉልበት ያወራሉ፤ ጉልበቱም መንገዱም ሲያልቅ ሳህን ያነሳሳሉ።

መሣሪያ መግዛት የግድ የሆነባት በአንድ ዘበኛ የተነሳ ነው። እግሬ ከበደኝ ብሎ ቢመጣ ኩላሊቱ አሳሰባትና ከተማው ወዲያ ጫፍ ወዳለው ትልቁ ላቦራቶሪ ላከችው። ሰውየው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ አመስግኖም ሄደ። ተመልሶ የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ፊቱ ተነፍቶ ዓይኑ ጠቦ ነው። ላቦራቶሪው ድረስማ ሄዶ ነበር። ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ስለነበር ወረፋ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ፤ ሲነቃ ተራው አልፏል፤ ሌላ ቀን እንዳይሄድ አለቃው አልፈቀደለትም። አሁን በሆስፒታል ማሽን ደሙ እየታጠበለት ነው የሚኖረው። ማንም ሐኪሟን አልወቀሳትም፤ ሰውየው ራሱ ጭራሽ ይመርቃታል። ከዚያ ወዲህ ግን የምርመራ ወረቀት በሰጠች ቁጥር ዓይኗ የሰዎቹ ጣት ላይ ይቀራል፤ ወረቀቱን እንዴት እንደሚያጣጥፉት እያየች ይሄ ይሄዳል፣ ይቺ አትሄድም እያለች በልቧ ትገምታለች።

መምረጡ መጀመሪያ ቀላል መስሏት ነበር። የመጡላት ሥዕላዊ መጽሔቶች ጠረጴዛዋ ላይ ተከምረዋል፤ ሁሉም ማሽን ነጭ ነው፣ ሁሉም አጠገብ ጥርሷ የሚያምር ልጅ ጓንት አድርጋ ትስቃለች። አንዱ የደም ሕዋሳትን በደቂቃ ይቆጥራል፤ ነገር ግን የተጣራ ውኃ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ያኮርፋል፣ ሙቀት አይወድም። ሌላው ዓይነተ ብዙ ነው፤ ከጉበት እስከ ስብ የማይመረምረው የለም፤ መመርመሪያ ፈሳሹ ግን አንዴ ከተከፈተ ቶሎ ይበላሻል፣ እሷ ጋ ደግሞ ጠርሙሱን የሚጨርስ ሰው አይመጣም። በመጨረሻ ሁሉንም ገፍታ ለራሷ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ሰውየው ገና ወንበሩ ላይ እንዳለ ባውቀው የማደርገውን የሚቀይርብኝ የትኛው ውጤት ነው? ኩላሊት፣ የደም ማነስ፣ ሽንት፣ ከሁሉም በላይ ስኳር። የዛሬውን ስኳር ብቻ ሳይሆን ሦስት ወር ሙሉ በደም ውስጥ የቆየውን፤ ምክንያቱም በሽተኛ ቀጠሮው ሲደርስ ተጠንቅቆ በልቶ ይመጣል፣ የሦስት ወሩን ግን ማንም ሊያታልለው አይችልም። ከሽንቱ በቀር ይህን ሁሉ ከአንድ ጠብታ ደም የሚያወጣ፣ ከዳቦ መጥበሻ የማይበልጥ አንድ ትንሽ ማሽን አለ። እሱን የሚያስመጣው ደግሞ የወንድሟ ድርጅት ነው። ከእናቷ በፊት እሷ ራሷ ልቧ ወደዚያው ዘንበል ማለቱን ሰው ቢነግራት ኖሮ ዛሬ ጠዋት ይበልጥ በተናደደች።

ረፋዱ ላይ፣ በሁለት በሽተኛ መሃል፣ ሌላኛው ሻጭ ደወለ። ነርሷ ባለ ከረባቱ ነው የምትለው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያግባባት ከርሟል።

«ዶክተር፣ ማሽኑ ስጦታ ነው አልኩዎት» አለ። «ሰባራ ሳንቲም አይከፍሉም። በወር የተወሰነ ምርመራ እንደሚጠቀሙ ብቻ ይፈርማሉ።»

«ቁጥሩን አየሁት። ይህን ያህል በሽተኛ የለኝም።»

«በሽተኛ አይጠፋም ዶክተር። ምርመራውን የሚያዙት እርስዎ ነዎት።»

ፈገግታው በስልክ ውስጥ ተሰማት። ቁጥሩን ለመሙላት ጉንፋን ይዞት የመጣውንም፣ ለክትባት የታዘለውንም ሕፃን ማድማት ሊኖርባት ነው፤ ወር ሊያልቅ ሲል በሩ ላይ የሚቆመውን ሰው ሁሉ እንደሚታለብ ላም እያየች ልትኖር ነው። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ብላ ዘጋች። ከዘጋች በኋላ የቀራት ምርጫ ማን መሆኑ ገባትና ነገሩ መልሶ አበሳጫት። ከሰዓት ማሙሽ ሲመጣ ልትለው ያሰበችውን በሆዷ ደረደረች። እናቴ አትሸጥልኝም፤ ማሽኑ ካልሆነ አልገዛም፤ ከሆነ ደግሞ ለማሽኑ ስል እንጂ ላንተ ስል አይደለም። ቃላቱ ጥሩ ሆነው ታዩዋት፤ ትንሽ ጨክነዋል፣ ግን ጥሩ ናቸው።

ማሽኑ የሚቀመጥበት ክፍል ከጓሮ በኩል ያለው ትንሹ ክፍል ነው። ሴራሚክ የለበሰ መደብ አሠርታለታለች፣ የእጅ መታጠቢያ አስገጥማለታለች፣ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ነጭ አስቀብታለታለች፤ ጥግ ላይ ትንሽ ፍሪጅ ያጉረመርማል። ድሮ አባታቸው በመጨረሻ ዘመኑ የተኛው እዚያ ነበር፤ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው አልጋው ወደዚያ ወረደ። መስኮቱ የጎረቤት ግንብ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሠራተኞቹ የቀለም ባልዲያቸውን ይዘው ሲወጡ እናቷ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው አይተው፣ «ሰፋ» ብቻ ብለው ተመልሰዋል።

ማሙሽ ማሽኑን በሸራ ቦርሳ አንግቦ ከምሳ በኋላ መጣ። ሐኪሟ መጀመሪያ ያየችው የሸሚዙን አንገትጌ ነው፤ አንገቱ ውስጡ እንደ ዱላ ቆሟል። እሑድ እሑድ ሹራብ ስለሚደርብ ልብ አላለችም ነበር። ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላ አሰበች። በእጁ የያዘውን የውኃ ጠርሙስ ጨልጦ፣ «ውኃ አለ?» አለና ነርሷ የሰጠችውንም ቆሞ ጠጣ። ከዚያ ትንሿ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ውስጥ አየ፤ መደቡን፣ ፍሪጁን፣ መስኮቱን። ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሊገባ ሲል እንደሚያደርገው ትንፋሹን ሰብስቦ ገባ።

ማሽኑን አወጣ፣ ሰካው፣ ግን አላበራውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ፣ «እታለም» አለ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። የመጣሁት እማዬ እንዳታዝንብኝ ብዬ ነው። አትግዢው።»

«ምን አልክ?»

«ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው። የሦስት ወሩን ስኳር። ሌላው ደህና ነው። ስኳሩን ግን ከፍ ያደርገዋል፤ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያደርግብሻል። ለእማዬም ነግሬያታለሁ፣ አትሰማኝም።»

ጠዋት በስልክ «እሱን ደግሞ ዛሬ ምን አስነሳህ» የተባለው ይሄ ኖሯል። ሐኪሟ ስትደረድር የዋለችው ቃል ሁሉ ከአፏ ላይ ተነነ። ሊያታልላት የመጣ መስሏት በንዴት ስትቃጠል ውላ፣ ሰውየው እንጀራው ላይ ቆሞ እውነቱን እየነገራት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ማሙሽን እንደ አንድ የጎደለ ነገር ስታየው እንደኖረች አሰበችና አፈረች።

«ለአለቃህ ነገርከው?» አለችው፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

«ነገርኩት። ፋብሪካው የላከው መፈተሻ ፈሳሽ አለ፣ በሱ ሲሞከር ልኩን ነው የሚያወጣው ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ልኩን ያወጣል። ለሁለት ሐኪሞች ቆዩ፣ አትግዙ ብያለሁ። ይህን ሲሰማ ሥራህን ፈልግ ሊለኝ ምንም አልቀረውም።»

«ሌላ ማሽን ሞክረሃል? ይሄኛው ብቻ ተበላሽቶ እንደሆነስ?»

«መጋዘን ውስጥ ያሉትን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ያው ናቸው።»

ሐኪሟ ይህን ስትሰማ የሆነ ነገር ቆረቆራት። መፈተሻውን ልክ አድርጎ የሚያነብ ማሽን የሰውን ደም ለምን ከፍ ያደርጋል? ያውም መጋዘን ሙሉ ማሽን፣ እንደተማከረ ሰው፣ ሁሉም በአንድ አፍ? «እስቲ አብራው» አለችና ጓንት አጠለቀች፤ የራሷን ጣት በአልኮል ጥጥ ጠርጋ ወጋች። ጠብታዋን ካርትሪጅ በሚሉት የደም መቀበያ ላይ አሳረፈች፤ ማሽኑ ዋጠውና ሥራውን ጀመረ። ሁለቱም ቁጥሩን ጠበቁ። ፍሪጁ አጉረመረመ፤ ውጭ መኪና ጡሩንባ ነፋ። በመጨረሻ አምስት ነጥብ አራት አለ። ለጤነኛ ሰው ልክ የሆነ ቁጥር ነው።

ማሙሽ ከአንገት በላይ ሳቀ። «አንቺን እንኳን ምሮሻል።»

ነርሷ ብቅ ብላ ልብስ ሰፊዋ መምጣታቸውን ተናገረች። ልብስ ሰፊዋ የቆየ ስኳር ያለባቸው፣ ቀጠሮ የማያፋልሱ ሴት ናቸው፤ ትልቁ ላቦራቶሪ ድረስ ራሳቸው ሄደው የትናንቱን ውጤት ይዘው ነው የመጡት። ሐኪሟ ወረቀቱን ሳትከፍት ወደ ትንሿ ክፍል አስገባቻቸው። «እናቴ፣ አዲስ ማሽን እየፈተንን ነው። አንዲት ጠብታ ቢሰጡን? ፈቃድዎ ካልሆነ ግን ይቅር።»

«ውጊው፣ ውጊው» አሉ ጣታቸውን ዘርግተው። «ዕድሜ ልኬን መርፌ ሲወጋኝ ከፍሎኝ አያውቅም፤ ዛሬ ለቁም ነገር ይዋል።» ማሙሽን ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት። «ይሄስ ልጅ? ሱሪው ሊወልቅበት ነው። አምጣው፣ ወገቡን ላጥብብልህ።»

«ወንድሜ ነው» አለች ሐኪሟ።

«እኔ ምን አልኩ፤ ወንድምሽም ቢሆን ሱሪው ሰፍቶታል።»

ማሽኑ ስምንት ነጥብ አንድ አለ። ሐኪሟ የላቦራቶሪውን ወረቀት ከፈተች፤ ስምንት ነጥብ ሁለት ይላል። ወረቀቱን ለማሙሽ አላሳየችውም፤ እሱም አላያትም፤ ግን ከእጇ ላይ ያነበበው ይመስል ጀርባውን ሰጥቶ የማሽኑን ገመድ ይጠቀልል ጀመር። ልብስ ሰፊዋን ወደ ምርመራ ክፍሏ ወስዳ፣ መድኃኒታቸውን አስተካክላ፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ ልብስ ሲያጫውቷት እየሳቀች ሸኘቻቸው። ምን እንዳሏት ኋላ ብትጠየቅ አንዱንም አታስታውስም ነበር። አንገትጌው፣ ውኃው፣ ሱሪው። ማንም በሽተኛ እነዚህን ሦስቱን ይዞ በሯን ቢያልፍ ገና ሳይቀመጥ ታውቅበት ነበር።

ስትመለስ ማሽኑ ቦርሳው ውስጥ ገብቷል። ማሙሽ መደቡን ተደግፎ ቆሟል።

«ማሙሽ፣ በማን ደም ነው የሞከርከው?»

እጆቹን ወደ ኋላ ደበቀ።

እጁን ያዘችው። ሊነጥቃት ከጀለና ተወው። የጣቶቹ ጫፍ በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ አውራ ጣቱ እንኳን አልቀረም። እንደዚህ ያለ እጅ አይታ አታውቅም፤ የስንት ዓመት በሽተኛ እንኳን እንዲህ አይወጋም።

«ሐኪሞቹ የራሳቸውን ጣት አይወጉም» አለ፣ ዓይኑን ሰብሮ። «ላሳያቸው ስል የኔን ነው የምወጋው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አንድ ዶክተር ፊት ነበር። አሥራ አንድ ምናምን ሲል ሳቅኩ፤ ማሽኑ ገና አልሞቀም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት በመፈተሻው ፈሳሽ ብቻ ሆነ። ብቻዬን ስሆን ግን… ማታ መጋዘኑን የምዘጋው እኔ ነኝ። አንዱን አወርዳለሁ፣ እወጋለሁ። ሌላውን አወርዳለሁ። አንዱ እንኳን ሌላ ቁጥር ቢነግረኝ ብዬ።»

«ላቦራቶሪ ሄደህ አልታየህም?»

«ላቦራቶሪውም ያንኑ ቁጥር ቢነግረኝስ?»

መልሷን አልጠበቀም። የመስኮቱን ግንብ እያየ ቀጠለ፤ ድምፁ ሲናገር የኖረውን ነገር እንደሚደግም ሰው የተረጋጋ ነበር። «የአባባ አልጋ እዚህ ነበር፣ ራስጌው በዚህ በኩል። አንቺ ሆስፒታል እያደርሽ ትሠሪ ነበር፣ እማዬ ደግሞ ሽታውን አትችልም። እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ውኃውን ሳመጣ ይቀልድ ነበር፤ ይቺን ጣት ቁጠራት፣ ነገ ላታገኛት ትችላለህ ይለኛል። እሱ ከሞተ በኋላ ክፍል ተመለስኩ። አንድ ጠዋት መምህሩ ስለ ስኳር ሊያስተምረን አንድ እግር በሥዕል አሳየን። ተነስቼ ወጣሁ። ደብተሬን እንኳን አላነሳሁትም።»

ሐኪሟ ይህን ሰምታ አታውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ ትምህርቱ ከብዶት ነው ብላ ስታዝንለት፣ አንዳንዴም ስትንቀው ኖራለች። አሁን ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተችና፣ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ ማረፊያ ፍለጋ መስሎ ታያትና ዘጋችው። ይልቅ በሽተኛ የሚቀመጥበትን ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ማሽኑን ከቦርሳው አውጥታ መልሳ ሰካችው። ጣቱን ጠረገች፤ ያልተወጋ ቦታ ፈልጋ በጎን በኩል፣ ብዙ በማያምበት ወጋችው። ቁጥሩ ሲወጣ ሁለቱም አዩት። አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት።

«ልክ ነው አይደል?» አለ ማሙሽ።

«ልክ ነው።»

ትከሻው ወረደ። አላለቀሰም። ለረጅም ጊዜ የተሸከመውን ከባድ ዕቃ የት ያስቀምጠው እንደጠፋው ሰው እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ሐኪሟ ሽንቱን አስመረመረችው፤ የሚያስቸኩል መጥፎ ምልክት የለም፤ ኩላሊቱም ደህና ነው። ግፊቱን ለካች። ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክካ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረች።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«እግርህን ልየው።»

«እታለም፣ ተይው።»

«ዝም በል።»

ጫማውን አወለቀች፣ ካልሲውን ገፈፈች። የወንድሟን እግር ያየችው ልጅ ሳለ ነው፤ ጭቃ ተጫውቶ ሲገባ እናታቸው ሳያዩ በባልዲ ታጥበው ነበር። አሁን የትልቅ ሰው እግር ነው፤ ሲዞር ስለሚውል ተረከዙ ደንድኗል፤ ከዚያ በቀር ንጹሕ፣ ሞቃት፣ ሙሉ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍታ በመሃላቸው አየች። ውስጥ እግሩን በጥጥ ጫፍ ነካ እያደረገች፣ «ይሰማሃል?» አለች። «ይሰማኛል።» «ይሄስ?» «ይኮረኩረኛል፤ ተይ እንጂ።» ጣቷን ከእግሩ አናት ላይ አሳርፋ የደሙን ምት ፈለገች፤ እንደ ጎረምሳ እየዘለለ አገኘችው። እዚያው ተንበርክካ፣ ቀና ሳትል፣ «ስማኝ» አለችው። «አባባ ሲታወቅበት እግሩ ጠቁሮ ነበር። እሱን የገደለው ስኳር ብቻ አይደለም፣ ዘግይተን ማወቃችን ነው። አንተ በሁለት ጤነኛ እግርህ መጣህ። ዛሬ መድኃኒት ትጀምራለህ። ነገ ዓይንህን የሚያይልህ ሰው ጋ አብሬህ እሄዳለሁ። ያን ማሽን ደግሞ እገዛዋለሁ። ላንተ ብዬ አይደለም፣ ለእማዬም ብዬ አይደለም። ይልቅ ንገረኝ፤ ካርትሪጁ ፍሪጅ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል? መብራት ሲጠፋስ? ሲበላሽ የሚመጣው ማን ነው?»

«ባትሪ አለው» አለ ማሙሽ፤ ከልማዱ የተነሳ ሻጭነቱ ቀድሞ መለሰ። «ካርትሪጁም ብዙ ወር ይቆያል። ሲበላሽ…» ባዶ እግሩን አየ። «ሲበላሽ እኔ እመጣለሁ።»

እናትየው በሩን ገፋ አድርገው የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ደረጃውን ጉልበታቸውን እየያዙ ወርደው ኖሮ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ክፍሉ ከተሠራ ወዲህ ገብተውበት አያውቁም። ሴት ልጃቸው መሬት ላይ ተንበርክካ፣ ወንድ ልጃቸው ባዶ እግሩን ተቀምጦ ሲያዩ ግራ ገባቸው። «ምነው፣ ተስማማችሁ ወይስ ተጣላችሁ?»

«ተስማማን» አለች ሐኪሟ። ፊቷን ወደ ማሙሽ አዞረች። ማሙሽም ወደ እናቱ አየና ወዲያው ዓይኑን አሸሸ። ማን ይንገራቸው? እንዴት ብሎ? ያንን ቃል በዚህ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው በነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ እንደገና ለእናታቸው የሚናገር ምላስ ማን ጋ አለ? ፍሪጁ ብቻ ያጉረመርማል። እናትየው ከአንዱ ወደ አንዱ እያዩ ይጠብቃሉ።

የማሙሽ ስልክ ጠራ። ቁጥሩን አየና ሊዘጋው ሲል ሐሳቡን ቀይሮ አነሳው። ቆዩ፣ አትግዙ ካላቸው ሐኪሞች አንዱ ነበር፤ ድምፁ ጎላ ያለ ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ይሰማል። ወር ሙሉ አስጠበቅከኝ፣ ቁርጡን ንገረኝ፣ ማሽኑ ልክ ያነባል ወይስ አያነብም ይላል።

«ልክ ያነባል ዶክተር» አለ ማሙሽ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ተመሳክሯል።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ከፍ ያደርጋል ያልከኝ ምን አይተህ ነው?»

ማሙሽ ባዶ እግሩን ሴራሚኩ ላይ አሳረፈ። እናቱን አላያቸውም፤ እህቱንም አላያትም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ነጭ ግድግዳ ነው ያየው። «የሞከርኩት በራሴ ደም ነበር» አለ። «ስኳር አለብኝ፣ ዶክተር። እሱ እውነቱን ሲነግረኝ ነው እኔ ውሸታም ያልኩት።»

ሰውየው ረጋ ባለ፣ የሻጭና የገዢን ነገር በተወ አነጋገር፣ የሚከታተልህ ሐኪም አለህ ወይ ሲለው ተሰማ።

«አለኝ» አለ ማሙሽ።

ስልኩን አስቀመጠ። እናትየው ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየደገፉ መጡና አጠገቡ ባለው በርጩማ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጎንበስ ብለው መሬት ላይ የወደቀውን ካልሲ አነሱ፤ እጃቸውን ውስጡ ከተው ገለበጡት፣ በጣታቸው ዘርጋ ዘርጋ አድርገው አስተካከሉት፣ ከዚያ የልጃቸውን እግር አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉና ቀስ ብለው ያለብሱት ጀመር።